ዜማው የተሰጠን ነው፤ ቅንብሩ ግን የእኛ ነው

ልጅ ሳለሁ ቤታችን አዲስ ካሴት ሲገባ፣ እህትና ወንድሞቼ ወደ ቴፑ ሲሮጡ እኔ የምሻማው ወረቀቱን ነበር። ከካሴቱ ቤት ታጥፋ የምትወጣውን ብጣሽ ወረቀት ዘርግቼ ከዳር እስከ ዳር አነባታለሁ። የዘፋኙ ፎቶ ፊት ለፊት ነው፤ ስሙም በትልቁ ተጽፏል። ታች ወረድ ሲባል፣ ዓይን ካላጨነቆሩ በማይነበብ ፊደል «ግጥም» ይላል፤ «ዜማ» ይላል፤ መጨረሻ ላይ «ቅንብር» ይላል። ግጥምና ዜማ ይገቡኝ ነበር። ቅንብር ግን ምን እንደሆነ ማንም አላስረዳኝም።

አንድ እሑድ ምሳ ላይ አጎቴን ጠየቅኋቸው። የቀረበውን ዶሮ ወጥ በጣታቸው እያሳዩ «ሽንኩርቱን ለብቻው፣ በርበሬውን ለብቻው፣ ቅቤውን ለብቻው ቢሰጡህ ትበላዋለህ?» አሉኝ። ሳቅሁ። «አየህ፣ ሁሉም ጓዳ ውስጥ ነበር። ወጥ ያደረገው የእናትህ እጅ ነው። ምኑ መቼ እንደሚገባ፣ ምን ያህል እንደሚገባ የምታውቀው እሷ ናት። አቀናባሪም እንደዚያ ነው።»

ነገሩን በዓይኔ ያየሁት ካደግሁ በኋላ ነው። አንድ ወዳጄ አዲስ አበባ ውስጥ ከሰርቪስ ቤት የማትበልጥ ስቱዲዮ አለችው። ግድግዳው ላይ ስፖንጅ ተለጥፏል፤ ያለው አንድ ኪቦርድ፣ አንድ ኮምፒውተርና ሁለት ስፒከር ነው። አንዲት ወጣት ድምፃዊት ዜማዋን በስልኳ ቀርጻ ይዛ መጣች። ዜማው ጥሩ ነበር፤ ነገር ግን ጆሮ ይዞ የሚያቆም ነገር አልነበረውም። ወዳጄ መጀመሪያ ምቱን አስቀመጠ። ቀጥሎ ቤዙን አስገባ። ክራር ጨመረ፤ ሳክስፎን ጨመረ፤ ኪቦርዱን በሰፊው ዘረጋው። ከዚያ ጥቂት ዝም ብሎ አዳመጠና የጨመረውን መልሶ መቀነስ ጀመረ። ሳክስፎኑን ከመግቢያው ላይ አንስቶ ወደ መጨረሻው ወሰደው። ክራሯ በምትናገርበት ቦታ ኪቦርዱን ዝም አሰኘው። ሲመሽ ልጅቷ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ሰማች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ይሄ የእኔ ዘፈን ነው?» አለች።

የራሷው ነበር። ከዜማዋ አንዲት ድምፅ አልተነካችም፤ ከግጥሟም አንዲት ቃል አልተለወጠችም። የተለወጠው ምን ከምን ጋር፣ መቼና የት እንደሚቀመጥ ብቻ ነው።

ያን ቀን ወደ ቤቴ ስመለስ አንድ ሐሳብ አልለቀቀኝም። ከሕይወታችን ብዙው የተሰጠን ነው። የተወለድንበት ቤት፣ ያሳደጉን ሰዎች፣ የደረሰብን ሐዘን፣ የተዘጋብን በር፤ አንዱንም መርጠን አልወሰድነውም። ይህ ዜማችን ነው። ከዚያ በኋላ ግን ምኑን አስቀድመን ምኑን እንደምናስከትል፣ ምኑን ከፍ አድርገን ምኑን ዝም እንደምናሰኝ፣ ማንን ከጎናችን እንደምናቆም የምንወስነው እኛ ነን። ይህ ደግሞ ቅንብራችን ነው።

ይህን በሕይወቱ ያሳየን አንድ ታላቅ አቀናባሪ አለ፤ ኩዊንሲ ጆንስ። በ2024 ኖቬምበር ወር መግቢያ ላይ በ91 ዓመቱ ሲያርፍ 28 የግራሚ ሽልማቶችን ተሸልሞ ነበር። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ደግሞ በክፉ ቀናችን የደረሰልን ሰው ነው። ታሪኩን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ኬክ ሊበላ ገብቶ

ኩዊንሲ በ1933 ቺካጎ ውስጥ ተወለደ (ተለይቶ ካልተገለጸ በቀር እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አሜሪካ በኢኮኖሚ ድቀት የተንኮታኮተችበት ዘመን ነበር፤ ሰፈሩም ወሮበሎች የነገሡበት የደቡብ ቺካጎ የጥቁሮች ሰፈር። አባቱ አናጢ ነበሩ። እናቱ በአእምሮ ሕመም ተይዘው ወደ ሆስፒታል ሲወሰዱ እሱ ገና ትንሽ ልጅ ነበር። በ1943 አባቱ ልጆቻቸውን ይዘው በዋሽንግተን ግዛት ወደምትገኘው ብሬመርተን ከተማ ሄዱ፤ በዓለም ጦርነቱ ምክንያት በባሕር ኃይሉ የመርከብ መሥሪያ ሥራ ነበርና።

ልጁ ግን ጠባዩን ከቺካጎ ይዞ ነው የመጣው። 11 ዓመቱ ገደማ፣ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ የሰፈሩን መዝናኛ ማዕከል ሰብሮ ገባ። የሎሚ ኬክና አይስክሬም እንዳለ ሰምተዋል። የተገኘውን በልተው ጠገቡና በየክፍሉ መዞር ጀመሩ። ኩዊንሲ አንዱን በር ገፋ ሲያደርግ በጨለማው ውስጥ ትንሽ ፒያኖ ቆማለች። በሩን መልሶ ዘጋው። መሄድ ጀመረ። ከዚያ አንድ ነገር ወደ ኋላ መለሰውና ገብቶ ጣቱን ቁልፎቹ ላይ አሳረፈ። እስከ ዕለተ ሞቱ ሲያወራው የኖረው ይህን ቅጽበት ነው፤ ቀሪ ሕይወቱ ምን እንደሚሆን ያወቀው እዚያ ቆሞ ነው።

የእናቱ ሕመም፣ ሰፈሩ፣ ድህነቱ፤ ይህ ሁሉ ያልመረጠው ዜማው ነበር። ዘግቶት የነበረውን በር መልሶ መክፈቱ ግን የራሱ ሥራ ነው፤ የመጀመሪያው ቅንብሩ ልትሉት ትችላላችሁ። እናንተም ገፋ አድርጋችሁ፣ አይታችሁ፣ «ይሄ ለእኔ አይደለም» ብላችሁ የዘጋችሁት በር ይኖራል። ስፌት ሊሆን ይችላል፤ ሒሳብ፣ ሥዕል፣ ንግድ፣ ቋንቋ ሊሆን ይችላል። ዛሬም እዚያው ቆሟል። እባካችሁ ተመለሱና አንድ ጊዜ ንኩት።

«ከአውቶቡሱ ውረድ»

ኩዊንሲ ትምህርት ቤት ውስጥ ያገኘውን መሣሪያ ሁሉ ሞከረ። ከበሮ መታ፣ ቱባ ነፋ፣ ትሮምቦን ነፋ፤ በመጨረሻ ትራምፔት ላይ ረጋ። በአሥራዎቹ ዕድሜው ሲያትል ውስጥ በዕድሜ ጥቂት ከሚበልጠው፣ ማየት ከተሳነው አንድ ልጅ ጋር ተዋወቀ። ልጁ ብቻውን ከፍሎሪዳ ተነሥቶ አገር አቋርጦ የመጣ ነው፤ ፒያኖ ይመታል፣ ይዘፍናል፣ ያቀናብራል። ስሙ ሬይ ቻርልስ ይባላል። የትንፋሽ መሣሪያዎች ድምፅ እንዴት እርስ በርሱ እንደሚደራረብ ለኩዊንሲ ያሳየው ይህ ልጅ ነው። ማየት የማይችል ልጅ ለሚያይ ልጅ መንገድ መራ።

በ15 ዓመቱ የጻፈውን ሙዚቃ ይዞ ዝነኛው የጃዝ ባንድ መሪ ላዮኔል ሃምፕተን ዘንድ ቀረበ። ሃምፕተን ወደደው፤ ና ከእኛ ጋር ተጓዝ አለው። ልጁ ሐሳቡን እንዳይለውጡበት ፈርቶ አውቶቡሱ ላይ ቀድሞ ወጥቶ ተቀመጠ። የሃምፕተን ባለቤት ግላዲስ ግን ገብተው አዩት። ይሄ ሕፃን እዚህ ምን ይሠራል? አሉና አወረዱት፤ መጀመሪያ ትምህርትህን ጨርስ ብለው።

ሕልሙ ሞተሩ ተነሥቶ ሲሄድ ከመንገድ ዳር ቆሞ ያየ ልጅ ምን ይሰማዋል? ብዙዎቻችን ይህን ስሜት እናውቀዋለን። የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ በትንሹ ያመለጠው ያውቀዋል፤ ቪዛ የተከለከለውም ያውቀዋል። ኩዊንሲ ግን ተመልሶ ተማረ። ቦስተን ወደሚገኘው፣ በኋላ በርክሊ ተብሎ ወደታወቀው የሙዚቃ ትምህርት ቤት በነፃ ትምህርት ዕድል ገባ። በ18 ዓመቱ ሃምፕተን እንደገና ጠራው። አሁን ሲሳፈር የሚያወርደው አልነበረም፤ እጁ ላይ ሙያ ነበርና።

ይህ ትምህርት ቤት ለእኛም ባዳ አይደለም። ከዓመታት በኋላ የጅማው ልጅ ሙላቱ አስታጥቄ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ተማሪ ሆነው ገብተውበታል። ቤተሰብ ብሪታንያ የላካቸው ምህንድስና እንዲማሩ ነበር፤ እሳቸው ግን መንገዳቸውን ወደ ሙዚቃ አዞሩ። በ2012 ትምህርት ቤቱ የክብር ዶክትሬት ሰጥቷቸዋል።

መዘግየት መቅረት አይደለም። አቀናባሪ ሳክስፎኑን ከመግቢያው ላይ ሲያነሣው የጣለው ይመስላል፤ ያዘጋጀለት ግን የሚያበራበትን ቦታ ነው።

በአሥራ ሁለት ድምፅ

በዘመኑ አሜሪካ ውስጥ ጥቁር አቀናባሪ ለትንፋሽ መሣሪያ እንጂ ለቫዮሊንና ለቼሎ እንዲጽፍ ብዙም አይፈቀድለትም ነበር። ኩዊንሲ ግን ለክር መሣሪያ መጻፍ ይፈልጋል። ምን አደረገ? በ1957 ፓሪስ ሄደ። ባርክሌ በተባለው የሙዚቃ ኩባንያ ተቀጥሮ ቀን ቀን እያቀናበረ፣ ከታላቋ መምህርት ከናዲያ ቡላንዤ ዘንድ ይማር ነበር።

ከእሳቸው ይዞት የኖረው ትልቁ ትምህርት አንድ ነው። በምዕራቡ ሙዚቃ ያሉት ድምፆች 12 ብቻ ናቸው። ባኽም የሠራው በእነዚያው ነው፤ ዱክ ኤሊንግተንም በእነዚያው። እግዚአብሔር 13ኛውን እስኪሰጥ ድረስ ሰው ሁሉ በ12ቱ ምን እንዳደረገ አጥና አሉት።

እኔ ይህን ባሰብሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ የእኛ ቅኝት ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ በየራሳቸው አምስት አምስት ድምፅ ብቻ ናቸው። በአምስት ድምፅ አባቶቻችን አልቅሰዋል፣ ሠርግ አድምቀዋል፣ ጀግና አወድሰዋል፤ ዛሬም ያው አምስት ድምፅ አላለቀም። ስለዚህ «የለኝም» ከማለታችን በፊት ያለንን እንቁጠር። አንድ ስልክ፣ አንድ ቋንቋ፣ ሁለት ታማኝ ጓደኛ፣ በቀን አንድ ትርፍ ሰዓት፣ ጤነኛ እጅ፤ አምስት ሆኑ። አምስት ድምፅ ደግሞ ለአንድ ሙሉ ቅኝት ይበቃል።

ዕዳ ያስተማረው

አሁን ወደ ጨለማው ምዕራፍ ልግባ፤ ያለ እሱ ታሪኩ ውሸት ይሆናልና። በ1959 መጨረሻ ኩዊንሲ የራሱን ትልቅ ባንድ አቋቁሞ ከአንድ የመድረክ ትርኢት ጋር አውሮፓ ገባ። ትርኢቱ ጥቂት ወራት ሳይቆይ ፓሪስ ላይ ተዘጋ። 18 ሙዚቀኞች፣ ከነቤተሰቦቻቸው፣ በባዕድ አገር በእሱ እጅ ቀሩ። በትኗቸው አልሄደም። ለወራት ከከተማ ከተማ እየዞረ፣ ሥራ እየለመነ፣ ደመወዝ ለመክፈል እየተበደረ አቆያቸው። ሙዚቃው ድንቅ ነበር፤ ኪሱ ግን ተራቆተ። አሜሪካ ሲመለስ ዕዳው ከ100,000 ዶላር በላይ ነበር። ራሱን እስከማጥፋት ድረስ ያሰበበት ጊዜ እንደነበር በኋላ በግልጽ ተናግሯል።

ከዚያ ምን አደረገ? ሜርኩሪ ሬከርድስ ውስጥ ቢሮ ገብቶ ተቀጠረ። በየጠዋቱ ወንበር ላይ ተቀምጦ በጀትና ውል የሚያነብ ሰው ሆነ። ሙዚቃና የሙዚቃ ንግድ ሁለት የተለያዩ ሙያዎች መሆናቸው ገብቶት ነበርና ሁለተኛውን ከሥሩ ሊማር ቆረጠ። በ1963 የ16 ዓመት ተማሪ የነበረችውን ሌስሊ ጎርን ይዞ «ኢትስ ማይ ፓርቲ» የተባለውን ዘፈን ሠራ፤ በአሜሪካ አንደኛ ወጣ። በ1964 የኩባንያው ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነ፤ በነጮች በተያዙ ትልልቅ የሙዚቃ ኩባንያዎች ውስጥ እንዲህ ያለ ወንበር ላይ የተቀመጠ የመጀመሪያው ጥቁር እሱ ነው።

የጃዝ ወዳጆች ገበያ ውስጥ ገባ ብለው ወቀሱት። እሱ ግን ገበያን ንቆ አልሠራም። ያችን ለወጣቶች የተዘፈነች የሦስት ደቂቃ ዘፈንና የካውንት ቤዚን ባንድ በአንድ ዓይነት ጥንቃቄ ነው የያዛቸው። በዚያው 1964 ፍራንክ ሲናትራ ከቤዚ ጋር ለሠራው አልበም አቀናባሪ ሆነ። «ፍላይ ሚ ቱ ዘ ሙን» መጀመሪያ ሲደረስ ሦስት ሦስት የሚቆጠር ለስላሳ የቫልስ ዘፈን ነበር፤ ኩዊንሲ ወደ አራት ቀይሮ በስዊንግ ምት አስኬደው። አንድን ዘገምተኛ ትዝታ በችክችካ እንደማስኬድ ያለ ድፍረት ነው። ዜማው ያው፣ ግጥሙ ያው፤ እግር ግን ዝም ብሎ መቆም አቃተው። ዛሬ ዓለም ዘፈኑን በአብዛኛው የሚያውቀው በዚያ አካሄድ ነው።

ሙያ ያላችሁ ወዳጆቼ፣ ይህን ምዕራፍ ሁለት ጊዜ አንብቡት። ጥበብን መውደድ ከውል ማንበብ ነፃ አያወጣም። አገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ነው) አላት፤ ዜማ ደራሲም አቀናባሪም ሆናችሁ ሥራችሁን ከማስረከባችሁ በፊት አንብቡት። ስንት ብላችሁ እንደምትጠይቁ፣ መቼ እንደሚከፈላችሁ፣ ስማችሁ የት እንደሚጻፍ በወረቀት ይስፈር። ይህ ስግብግብነት አይደለም፤ ነገም ለመሥራት የሚያስችላችሁ ስንቅ ነው።

ትራምፔቱ ዝም ሲል

በ1974፣ ገና በ41 ዓመቱ፣ አንጎሉ ውስጥ የደም ሥር ፈነዳ። ሁለት ጊዜ ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ጓደኞቹ አይተርፍም ብለው የመታሰቢያ ኮንሰርት ማዘጋጀት ጀምረው ነበር። ተረፈ፤ ኮንሰርቱም አልቀረም፤ ኩዊንሲ ሐኪሙን ከጎኑ አስቀምጦ ራሱ ታደመ። ትራምፔቱን ግን ከዚያ በኋላ መንፋት አልቻለም። ሲነፋ የሚፈጠረው ግፊት ሕይወቱን አደጋ ላይ ይጥላልና።

አንድ ሙዚቀኛ መሣሪያውን ሲያጣ አለቀለት እንላለን። የኩዊንሲ ጆሮ ግን አልተነካም፤ ሰው የማሰባሰብ ጸጋውም አብሮት ነበር። የቀረውን ቆጥሮ በቀረው ሠራ። በዓለም ላይ እጅግ የሚታወቅባቸው ሥራዎች የተወለዱት ከዚያ ሕመም በኋላ ነው። በ1979 ከማይክል ጃክሰን ጋር «ኦፍ ዘ ዎል»ን ሠራ፤ በ1982 ደግሞ «ትሪለር»ን።

ስለ «ትሪለር» አንዲት ቅጽበት ላንሣ። አልበሙ አልቋል ተብሎ የመጨረሻውን ቅጂ ሊሰሙ ተቀመጡ። የሸክላው መርፌ ሲያርፍ የሰሙት ድምፅ ቀጭንና ደካማ ነበር። ሸክላ በአንድ ገጹ ላይ ብዙ ደቂቃ ከታጨቀበት የሚቀረጽበት መስመር ይሳሳል፤ መስመሩ ሲሳሳ ቤዙ ይጠፋል። ማይክል አለቀሰ። ኩባንያው አልበሙን በጉጉት እየጠበቀ ነው፤ ቀኑ ደርሷል። ኩዊንሲና ባልደረቦቹ ግን ይህ አይወጣም አሉ። ጥቂት አረፉ፤ ከዚያ ተመልሰው በየቀኑ አንድ አንድ ዘፈን እየያዙ እንደገና ሚክስ አደረጉ። የረዘመውን አሳጠሩ። ኩዊንሲ የ«ቢሊ ጂን» መግቢያ ረዝሟል ብሎ ሊቆርጠው ፈልጎ ነበር። ማይክል ግን ለመደነስ የሚያስነሣኝ እሱ ነው አለ። ታላቁ አቀናባሪ እሺ አለና መግቢያው እንዳለ ቀረ። አልበሙ በስምንት የግራሚ ሽልማት ተንበሸበሸ፤ በዓለም ላይ በብዛት የተሸጠ አልበም ለመሆንም በቃ።

እዚህ ውስጥ ሁለት ነገር አለ። አንደኛው ሥራችን ደካማ መሆኑን ጆሯችን ከነገረን፣ ቀኑ ቢደርስም መልሶ መክፈት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከእኛ ያነሰ ልምድ ያለው ሰው ልክ ሲሆን እሺ ማለት ነው። አለቃ ለሆናችሁ፣ ወላጅ ለሆናችሁ፣ መምህር ለሆናችሁ ይህ ሁለተኛው ይከብዳል። ቢሆንም ሞክሩት፤ «ቢሊ ጂን» የምታምረው በእሺታ ጭምር ነው።

ጥር 20 ቀን 1977 ዓ.ም.

አሁን ወደ ራሳችን ታሪክ መጣን። የ77ቱ ድርቅ። በየመጠለያው ሰው እንደ ቅጠል የሚረግፍበት፣ ያየነውም የሰማነውም የማንረሳው ዘመን። በእኛ አቆጣጠር ጥር 20 ቀን 1977 ዓ.ም. ሌሊት፣ ከአንድ ትልቅ የሽልማት ሥነ ሥርዓት ማግሥት ሳይሆን ከዚያው መድረክ በቀጥታ፣ የአሜሪካ ገናና ድምፃውያን ሎስ አንጀለስ ወደሚገኝ አንድ ስቱዲዮ ገቡ። ሐሳቡን የጫሩት ሃሪ ቤላፎንቴ ነበሩ። ዘፈኑን ማይክል ጃክሰንና ላዮኔል ሪቺ ጽፈውታል። ከ40 በላይ ዘፋኞችን በአንዲት ሌሊት አንድ የማድረጉ ሥራ የወደቀው ግን ኩዊንሲ ላይ ነው።

አስቡት። እያንዳንዱ ብቻውን ስታዲየም የሚሞላ ሰው ነው። ኩዊንሲ በሩ ላይ ትዕቢታችሁን ከደጅ ትታችሁ ግቡ የሚል ጽሑፍ ለጠፈ። ወለሉ ላይ ደግሞ የየአንዳንዱ ስም በፕላስተር ተለጥፏል፤ ማን የት እንደሚቆም ጭቅጭቅ የለም። ለየብቻ የደረሳቸው ስንኝ ሁለትም ሦስትም ቃል ሊሆን ይችላል፤ ዝናቸውን የሚመጥን ርዝመት አልነበረም። ቦብ ዲላን ተራው ሲደርስ ድምፁ እሺ አላለውም። ስቲቪ ዎንደር ፒያኖ ላይ ተቀምጦ ዲላንን በራሱ በዲላን ድምፅ እያስመሰለ አሳየው፤ ኩዊንሲም ክፍሉ እንዲቀል ሰዎቹን አስወጣለት። ዓለም የሚያውቀው ገጣሚ ሌሎች እየደገፉት ድምፁን አገኘ።

በዚያች ሌሊት ስቲቪ ዎንደር ሁለት ኢትዮጵያውያት ሴቶችን ይዞ ገባ። በአገራቸው ስም አመሰገኑ። እዚያ ከቆሙት ዝነኞች ብዙዎቹ አለቀሱ። ለኩሩ ሕዝብ እጅ ዘርግቶ መቀበል ቀላል አይደለም፤ የእነዚያ ሁለት እህቶቻችን ምስጋና ግን ስቱዲዮው ውስጥ ማንም ከማንም በላይ እንዳልሆነ ያሳሰበ ይመስለኛል። ሲነጋ «ዊ አር ዘ ዎርልድ» ተቀርጾ አለቀ፤ ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይም አሰባሰበ።

ቅንብር ማለት ለእኔ በመጨረሻ ይህ ነው። ለሁሉም ቦታ መስጠት፤ ትልቁን ሳያስጨንቁ፣ ትንሹን ሳይውጡ። ከእናቱ የተነጠለው፣ ኬክ ሊበላ ሰብሮ የገባው ልጅ፣ ከአውቶቡስ የወረደው፣ በዕዳ የሰጠመው፣ ትራምፔቱን ያጣው ሰው ያለፈበት መንገድ ሁሉ ለዚያች ሌሊት ያዘጋጀው ይመስላል።

የእኛው ሰው

ይህ ታሪክ የባሕር ማዶ ብቻ እንዳይመስላችሁ ጋሽ ግርማ በየነን ላንሣ። በሸክላው ዘመን ከ60 በላይ ዘፈኖችን ያቀናበሩ ፒያኒስት ናቸው። በ1981 ከዋልያስ ባንድ ጋር አሜሪካ ሄደው እዚያው ቀሩ። ለብዙ ዓመታት ከመድረክ ርቀው ኖሩ፤ ነዳጅ ማደያ ውስጥም ሠርተዋል። ስንት ሰው አልፏቸው ይሆን፣ በእጃቸው ያለፈውን ዜማ በመኪናው ቴፕ ውስጥ እያንቆረቆረ! በ2017 ግን፣ አካሌ ውቤ ከተባለው የፈረንሳይ ባንድ ጋር አዲስ አልበም አወጡ። ርዕሱን በአማርኛ ብንመልሰው «ሆን ተብሎ የተሠራ ስህተት» እንደማለት ነው። ያ ሁሉ የዝምታ ዓመት ለእሳቸው ረጅም እረፍት ነበር፤ በሙዚቃ ውስጥ እረፍትም ከነቁጥሩ ይጻፋል።

እናንተም ምናልባት አሁን ዋሽንግተን ታክሲ እየነዳችሁ፣ ቤይሩት ወይም ዱባይ ሰው ቤት እየሠራችሁ፣ አዲስ አበባ የማትወዱት ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ይሆናል። ሙያችሁ አልሞተም። እየቆጠረ ነው።

እስኪ ዛሬ ማታ

አንድ ወረቀት አውጡ። ከላይ ያልመረጣችሁትን፣ የተሰጣችሁን ጻፉ፤ ምሬት ሳትጨምሩ፣ እንዳለ። ከሥሩ በእጃችሁ ያሉትን አምስት ድምፆች ጻፉ። ከዚያ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። አሁን ከፍ ማለት ያለበት የትኛው ነው? ለጊዜው ዝም ማለት ያለበት የትኛው ነው? እኔ ቦታ ብሰጠው የሚያበራ ሰው ከጎኔ ማን አለ? መልሱን ይዛችሁ ነገ ጠዋት አንዲት ነገር ብቻ ቀይሩ። ወዳጄ ያችን ዘፈን በአንድ ጊዜ አልሠራትም፤ አንድ ጨመረ፣ አንድ ቀነሰ፣ አዳመጠ፣ ደግሞ ጨመረ።

ካሴቱ ዛሬ የለም፤ ወረቀቱም አብሮት ሄዷል። ዘፈን ከስልካችን ይፈሳል እንጂ ማን እንዳቀናበረው የምናነብበት ብጣሽ የለም። ስለዚህ ዛሬ ማታ የምትወዱትን አንድ ዘፈን ክፈቱና ለአንዲት ጊዜ ዘፋኙን ትታችሁ ከኋላ ያለውን ስሙ። ቤዙን ተከተሉት። ክራሯ ስትገባ ማን ዝም እንዳለላት ልብ በሉ። አንድ ሰው ሌሊት ተቀምጦ ያንን ቦታ አዘጋጅቶላታል።

ከዚያ ስልኩን አስቀምጡና ወደ ራሳችሁ ዜማ ተመለሱ። አቀናባሪው እናንተ ናችሁ።